የከዲጃን ጩኮ የበላሁበት ዓመት

ሐኪሟ ልጅ እግር ናት። ኮምፒዩተሯ ላይ እየጻፈች፣ ቀና ሳትል፣ «በቤተሰቡ ውስጥ የልብ ሕመም ያለበት ሰው አለ?» ብላ ጠየቀች። እህቴ ከዲጃ ዓይኗን እንኳ ሳታርገበግብ «የለም» አለች።

አዳማ ድረስ የሄድነው ለልጅ ልጇ ለነኢማ ነበር። ነኢማ አሥራ አምስት ዓመቷ ነው፤ ዘጠና ስድስት ኪሎ ትመዝናለች፤ ደረጃ ስትወጣ ታለከልካለች፤ ስኳርም ሊጀምራት ነው ተብሏል። ሐኪሟ በሳምንት አንዴ ስለሚወጋ የክብደት መቀነሻ መድኃኒት በትዕግሥት አስረዳችን። ከትንሹ መጠን ይጀመራል፤ በየወሩ ቀስ እየተባለ ይጨመራል። ያቅለሸልሻል፣ ሊያስመልስም ይችላል። አንዳንዱን ሆዱን ያደርቀዋል፣ አንዳንዱን ያስቀምጠዋል። የሐሞት ጠጠር የሚያመጣበት ሰውም አለ፤ ጠንከር ያለ የሆድ ቁርጠት ከመጣ ቀጠሮ ሳይጠብቁ መምጣት ነው። «በራሳችሁ አትጨምሩ፣ በራሳችሁ አትቀንሱ። ምግቧ ካልተስተካከለና ካልተንቀሳቀሰች ደግሞ መድኃኒቱ ብቻውን ተአምር አይሠራም» አለች።

ከዲጃ ጡረታ የወጣች አስተማሪ ናትና፣ ደብተር እንደሚያርም ሰው አንገቷን ዘንበል አድርጋ አዳመጠች። ከዚያ ስለ ልብ ተጠየቀችና «የለም» አለች። እኔ አጠገቧ ተቀምጬ ጭኗ ላይ ያስቀመጠችውን ቦርሳ አየሁ። በዚያ ቦርሳ ውስጥ ጠዋትና ማታ የምትውጠው የልብ መድኃኒት አለ።

ዝም ማለት እችል ነበር። በእህቴ ነገር ዝም ማለት ለእኔ አዲስ አይደለም፤ የጀመርኩት በዘጠኝ ዓመቴ ነው።

ዓመቱ 1964 ነበር። አባታችን፣ ስሙ ከዲሮ ነው፣ አሰላ ገበያ ዳር ሱቅ ነበረው፤ ጨው፣ ስኳር፣ ላምባና አቡጀዲ ይሸጣል። እናታችን ፋጡ ቅቤ ትነግዳለች። ልጆቻቸው እኔና ከዲጃ ብቻ ነን። ከዲጃ በስድስት ዓመት ትበልጠኛለች፤ በክብደት ግን ሦስት እኔን ታክል ነበር።

ውፍረቷ የእናታችን የእጅ ሥራ ነው። ከከዲጃ በፊት የተወለዱ ሁለት ልጆች ከስተው ከስተው ሞተውባታል። ስለዚህ እናቴ ዘንድ የከሳ ልጅ ማለት የሚሞት ልጅ ማለት ነበር። ከዲጃ ስትወለድ ቀጭን ነበረች አሉ፤ እናቴ ያንን አይታ ማንኪያ አነሳች፣ ለአሥራ አምስት ዓመትም አላስቀመጠችም። ጠዋት ገንፎ በቅቤ፣ ከትምህርት ቤት መልስ እርጎ፣ ለምሳ ደግሞ በቆርቆሮ ሣጥን ጩኮ ትቋጥርላት ነበር። የእናቴ ጩኮ፣ ያ የተቆላ የገብስ ዱቄት በተነጠረ ቅቤ ታሽቶ፣ ሣጥኑ ገና ሳይከፈት በመዓዛው ምራቅ ያስውጣል። ለእኔ የሚቋጠርልኝ ቂጣ ነው። እኔ ስወለድ ድቡልቡል ስለነበርኩ አላሰጋኋትም።

ትምህርት ቤት ውስጥ ከዲጃን «ኩንታል» ይሏታል። ስሙን ያወጣላት ይርሳው የሚባል እህል ነጋዴ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ገበያው ሲቀዘቅዝ ልጆቹን ሁሉ በእህል ሚዛኑ ላይ እያወጣ ይመዝነን ነበር። በዚያ ዓመት ጥቅምት ላይ ከዲጃን አወጣትና «ሰማንያ አንድ!» ብሎ ጮኸ። «ኩንታል ለመሙላት አሥራ ዘጠኝ ብቻ ይቀራታል! ፋጡ፣ ነገ አሟልተሽ ላኪልኝ!» ገበያው ሁሉ ሳቀ። ከዲጃም ሳቀች። ስለሳቀች ደስ ያላት መስሎኝ ነበር። የሚሰደብ ወፍራም ልጅ ከሁሉ ቀድሞ መሳቅ እንዳለበት ያወቅሁት ልጆች ካሳደግሁ በኋላ ነው።

ሴቶቹ ግን አይስቁባትም። ክንዷን ቆንጠጥ አድርገው «ማሻአላህ! ይቺማ ደርሳለች» ይላሉ። ይህንን ደግሞ እኔ ምርቃት ነው ብዬ እቀናባት ነበር።

ደርሳለች ካሉት ሰዎች አንዱ ኦቦ ቶላ ነው። የዴራ ሰው ነው፣ ሁለት የጭነት መኪና ያለው ነጋዴ። ሚስቱ ከሞተች ሁለት ዓመት ሆኗል፤ ዕድሜው አርባ አካባቢ ነው። ከዲጃ ሱቅ ውስጥ አቡጀዲ ስትለካ አያትና ስለ እሷ አባቴን አናገረው። እኔ ከባንኮኒው ሥር ተቀምጬ ስኳር እየላስኩ ሰማሁ።

«ልጅቷ ገና አሥራ አምስቷ ነው፣ ኦቦ ቶላ» አለ አባቴ።

ኦቦ ቶላ ሳቀ። «ከዲሮ፣ እኔን አታሞኘኝ። ሰውነቷ እንዲያ አይልም።»

አባቴም አልተከራከረም። ሰውየው የተከበረ ነው፤ ነገሩም ለቤታችን ክብር ነው። አዝመራው ሲገባ ሽማግሌ ይመጣል ተባለና ቀኑ ተቆረጠ፤ በታኅሣሥ ወር፣ ቅዳሜ።

እኔ በደስታ ልሞት ደረስኩ። ጎረቤታችን እትዬ ትርፌ አዲስ አበባ ያየችውን ሰርግ አውርታኝ ነበር፤ ሙሽራዋ ቬሎ ለብሳ፣ ትንንሽ ልጆች ነጭ ቀሚስ ለብሰው ጫፉን ይዘው። ያንን ጫፍ የምይዘው እኔ መሆኔን ለማንም ሳላማክር ወሰንኩ።

በዚያው ሰሞን ከዲጃ እናቴን ስታናግራት ሰማሁ።

«እማዬ፣ መጥተው አይተው ቢተዉኝስ?»

«አንቺን? ማን አባቱ ነው የሚተውሽ!»

«ልጅ ናት ቢሉስ?»

«ይህን ሰውነት አይቶ ማን ልጅ ይልሻል? ወላሂ፣ ደግሞ ለዚህ ታስቢያለሽ!»

ከዲጃ አቀረቀረች። አይ ሙሽራ፣ ከአሁኑ ጨነቃት ብዬ አዘንኩላት።

እትዬ ትርፌ ፈረንጆች ቤት ምግብ አብሳይ ነበረች። «ማዳም» የምትላት የቤቱ እመቤት ወደ አገሯ ስትመለስ ድስቶቿንና መጋረጃዎቿን ለእትዬ ትርፌ ትታላት ሄደች። ከመጋረጃዎቹ ጋር አንድ ቡናማ ጠርሙስም ተጠቅልሎ ነበር። አንድ ቀን እናቴ ገበያ ሳለች ከዲጃ እኔን አስከትላ እትዬ ትርፌ ቤት ሄደችና፣ ዙሪያውን ሳትዞር፣ «እትዬ፣ ሰው እንዴት ነው የሚከሳው?» አለቻት።

እትዬ ትርፌ ከላይ እስከ ታች አየቻትና ፈገግ አለች። «ሰምቻለሁ፤ ለሙሽርነቱ ነው አይደል?»

ከዲጃ ዝም አለች። እኔ «አዎ» አልኩላት።

«አይዞሽ የኔ ልጅ፣ የዘንድሮ ሙሽራ ቀጭን ናት። ማዳም ስትመጣ እንዳንቺ ነበረች፤ ይኸውልሽ፣ ይቺ ናት መቃ ያደረገቻት።» ጠርሙሱን አወጣች። አፉ ላይ ጥጥ ተወትፏል፤ ውስጡ ነጫጭ ትንንሽ ክኒን ነው። «ማዳም በጠዋት ግማሽ ነበር የምትውጠው። አንቺ ግን ከእሷ ትሰፊያለሽ፣ ሙሉውን ዋጪ። ለእናትሽ አትንገሪ፣ ትገድለኛለች።»

እትዬ ትርፌ ክፉ ሰው አልነበረችም። በሰፈሩ ከዲጃን ኩንታል ብሎ የማይጠራት ሰው ቢኖር እሷ ናት። ጠርሙሱ ላይ የተጻፈውን ግን እሷም እኛም ማንበብ አንችልም ነበር። ዛሬ ሳስበው ክኒኑ በዚያን ጊዜ የፈረንጅ ወይዛዝርት ለቅጥነት ይወስዱት ከነበረው፣ ልብን ከሚያስጋልበው ዓይነት ነው። እንኳን ለአሥራ አምስት ዓመት ልጅ፣ ለማዳምም ሐኪም ሳያይ የሚሰጥ አልነበረም።

ያኔ ግን እኔ ያየሁት የመድኃኒቱን ጥሩ ፊት ብቻ ነው፤ ምሳ ሰዓት ላይ።

ከትምህርት ቤቱ ጀርባ ከባሕር ዛፎቹ ሥር ተቀምጠን ከዲጃ የቆርቆሮ ሣጥኗን ከፈተችና ፊቷን አዞረች። «ዙቤ፣ ብዪልኝ። ሽታው ራሱ ያንገፈግፈኛል።» ሁለት ጊዜ አላስለመንኳትም። ጩኮውን በጣቴ እየጠፈጠፍኩ፣ ጥግ ጥጉን እየላስኩ፣ ሣጥኑ እስኪያበራ ድረስ በላሁት። ቤት ስንገባ እናቴ እንደ ልማዷ እኔን ጠየቀችኝ።

«ከዲጃ ምሳዋን በላች?»

«በልታለች።»

ውሸት መሆኑ ትዝ አላለኝም። ሣጥኑ ባዶ ነው፣ ምሳው ተበልቷል። አምስት ሳምንት ሙሉ፣ ቅዳሜና እሑድ ሲቀር፣ በየቀኑ «በልታለች» አልኩ። ጉንጬ ሞላ፣ ቀሚሴ በጎን በኩል ተቀደደ። እናቴ እየሰፋችልኝ «ያንቺስ ደግሞ ምን ነካው?» ትለኛለች።

ከዲጃ ተለወጠች። ቀርፋፋ የነበረችው ልጅ መቀመጥ አቃታት። ጓሮውን ትጠርጋለች፣ የተጠረገውን መልሳ ትጠርጋለች። ስታወራ ቃሉ ከቃሉ ይደራረባል። አፏ ስለሚደርቅ ከእንስራው አትለይም። አብረን ነው የምንተኛው፤ በነቃሁ ቁጥር ዓይኗ ጣሪያው ላይ ነው። ጽሕፈቷ የሚመሰገንላት ልጅ እጇ እየተንቀጠቀጠ መስመር መልቀቅ ጀመረች። ቀድሞ ቁጣ አታውቅም ነበር፤ አሁን እርሳሷን ስነካ በጥፊ ትለኛለች፣ ወዲያው ደግሞ አቅፋ ታለቅሳለች። አንድ ቀን ከባሕር ዛፉ ሥር እጄን ይዛ ደረቷ ላይ አደረገችው።

«ስሚው» አለችኝ። ከረጢት ውስጥ የገባ ዶሮ ይመስል ይራገጣል።

«ፈራሽ እንዴ?» አልኳት።

«ትንሽ።»

የሙሽራ ፍርሃት ነው ብዬ ሳቅሁባት።

ይርሳው በየቅዳሜው ይመዝናታል። ሰባ ሰባት። ሰባ አራት። ስልሳ ዘጠኝ ሲገባ መቀለዱን ተወና «ይቺ ልጅ አመማት እንዴ?» አለ። እናቴን የቀሰቀሳት ያ ነው። የልጇን አንገት አየች፣ የአንገቷን አጥንት አየች፣ ሁለቱ የሞቱት ልጆች ፊቷ ላይ መጡባት መሰለኝ እጇን አፏ ላይ አደረገች። ከዚያ የሚከሳ ልጅ ሲያይ ማንም የአገራችን ሰው የሚለውን አለች።

«ኮሶ አለባት! የማበላትን ሁሉ ኮሶው እየበላባት ነው። በይ ሐሙስ ጠዋት ኮሶ ትጠጫለሽ። ለቅዳሜ ትድኛለሽ።»

የዛሬ ልጆች የኮሶን ነገር አታውቁትም። ለሆድ ትል ተብሎ የዛፉ አበባ ተወቅጦ፣ ተዘፍዝፎ፣ በባዶ ሆድ ማለዳ አንድ ዋንጫ ሙሉ ባንዴ ይጠጣል። ትንሽ ትንሽ ብሎ ነገር የለም፤ ትንሽ ከተጠጣ ትሉን ያናድደዋል እንጂ አያወጣውም ይባላል። የጠጣ ሰው በዚያን ቀን ይተኛል፣ ያቅለሸልሸዋል፣ ያልበዋል፣ ያጣጥራል። ማንም ምግብ አይሰጠውም፣ ማንም አይደነግጥለትም። «ኮሶ ይዞት ነው» ይባልና ይታለፋል።

ከዲጃ ይህን ሁሉ ታውቃለች። ረቡዕ ከትምህርት ቤት ስንመለስ ጠርሙሱን አራግፋ ቆጠረች። ዘጠኝ ቀርቷል።

«ዙቤ፣ አንድ አንድ ሲዋጥ በየቀኑ ጥቂት ጥቂት ነው የሚያከሳው። ቅዳሜ ደግሞ ደረሰ። እንደ ኮሶ ባንዴ ቢወሰድ ግን ያለውን ሁሉ ጠርጎ ያወጣል፣ አይደል?»

አሰብኩበት። ትክክል መሰለኝ። «አዎ» አልኳት። በሕይወቴ ከሰጠኋቸው ምክሮች ሁሉ ያቺን አንዲት ቃል ብመልሳት ደስ ባለኝ።

ሐሙስ ማለዳ እናቴ ዋንጫውን ሰጥታት ወደ ማድቤት ዞር ስትል፣ ከዲጃ ኮሶውን በጓሮ በር ወጥታ ከእንሰቱ ሥር ደፋችው። ከዚያ ዘጠኙን ክኒን ሦስት ሦስት እያደረገች በውኃ ዋጠች። እናቴ ባዶውን ዋንጫ አይታ «ጎሽ!» አለች። ገበያ ስትወጣ እኔን ከትምህርት ቤት አስቀረችኝ። «ጠብቂያት። ብትለምንሽም ምግብ እንዳትሰጫት። ኮሶ ያንገላታል፤ እስኪወጣ ነው።»

ሦስት ሰዓት ላይ ከዲጃ ደስተኛ ነበረች። ታወራለች፣ ትስቃለች፣ የትምህርት ቤቱን መዝሙር ሁሉ ትዘምራለች። አራት ሰዓት ሲሆን መንጋጋዋ ይፋጭ ጀመር። ልብሷ በላብ ረጠበ፤ በዚያ በታኅሣሥ ብርድ፣ ብርድ ልብሱን ወረወረችው። ዓይኗ ጥቁሩ ሰፍቶ ሰፍቶ ሌላ ቀለም አልቀረውም። «ደረቴ» አለች። «ዙቤ፣ ደረቴን ያዥልኝ።» በሁለት እጄ ያዝኩላት። ዶሮው አሁን ከረጢቱን ሊቀድ ደርሷል።

አምስት ሰዓት ላይ እናቴ ለአፍታ ብቅ አለች። ግንባሯን ነካች። «እሳት ሆነች!» ብላ ቆየችና፣ «ኮሶው ይዟት ነው። ጠንካራ ነው የዘንድሮው» አለች። ወደ እኔ ዞረች። «ሌላ ነገር የለም አይደል?»

ያኔ መናገር ነበረብኝ። ጥያቄው እግሬ ሥር መጥቶ ተቀመጠ። እኔ ግን ቬሎው ታየኝ። ከተናገርኩ ሰርጉ ይቀራል፣ እትዬ ትርፌም ትገደላለች፣ እኔም የበላሁት ጩኮ ይወጣብኛል። «የለም» አልኩ። እናቴ ተመልሳ ሄደች።

ሰባት ሰዓት ሊሆን ሲል በራችን ላይ የጭነት መኪና ቆመ። ኦቦ ቶላ ከጮሌ ገብስ ጭኖ ሲመለስ ሽማግሌዎቹን መንገድ ላይ አግኝቶ፣ ቅዳሜን ከምንጠብቅ ብለው ቀድመው መጡ። ሁለት ሽማግሌዎች፣ እሱና አባቴ ገቡ። እናቴ ከገበያ እየሮጠች ደርሳ ወተት ማቅረብ ጀመረች። በመጋረጃው ማዶ ምርቃቱ ይሰማል። በወዲህ በኩል ከዲጃ አላወቀችኝም።

«ይርሳው» አለችኝ፣ ክንዴን ጨምድዳ። «ከሚዛኑ አውርደኝ። ሰው ሁሉ እያየኝ ነው። አውርደኝ በቃ።»

ከዚያ ተንሸራታ ከአልጋው ወደቀች። መሬት ላይ ሆና እግሮቿ ይርበተበታሉ። ሙሽራ እንደዚህ እንደማትሆን ያን ጊዜ ገባኝ። መጋረጃውን ገልጬ ገባሁ። አንደኛው ሽማግሌ «ልጃችሁን ለልጃችን» ብለው ጀምረው ነበር።

«ኮሶ አይደለም» አልኩ። ድምፄ ለራሴም ጮኸብኝ። «የማዳምን መድኃኒት ነው የዋጠችው። ዘጠኙንም። ለሰርጉ እንድትቀጥን ነው። ጩኮውንም እኔ ነኝ የበላሁት።»

እናቴ የወተቱን ቅል እንደያዘች ቀረች። ቀድሞ የተነሳው ኦቦ ቶላ ነው። መጋረጃውን ገፍቶ ገባ፣ ከዲጃን ከመሬት አንስቶ ተሸከማት፣ ጋቢናው ውስጥ አስገባት። አባቴ «ያ ኢንተላ ኮ! ልጄን!» እያለ ከኋላ ገብሱ ላይ ወጣ። እኔ ባዶውን ጠርሙስ እጄ ላይ ይዤ እናቴ ጭን ላይ ሆኜ ሄድኩ። በሕይወቴ መኪና ውስጥ ስገባ ያ የመጀመሪያዬ ነበር፤ አስቀድሜ ስመኘው የኖርኩት ነገር እንዲህ ሆኖ ደረሰኝ።

ሆስፒታሉ ውስጥ ነርሷ ጠርሙሱን አንብባ ፊቷ ተለወጠ። ስንት፣ መቼ፣ ከመቼ ጀምሮ ብላ የጠየቀችው እኔን ነው፤ ሌላ የሚያውቅ ሰው የለማ። በመርፌ የሚያረጋጋ መድኃኒት ሰጧት፣ ሰውነቷን በውኃ አቀዘቀዙት፣ አንድ ሰው ክንዷን ይዞ ሰዓቱን እያየ ልቧን ይቆጥራል። ነርሷ ወረቀት አውጥታ አባቴን ጠየቀችው።

«ዕድሜዋ?»

«አሥራ አምስት።»

ኦቦ ቶላ ግድግዳውን ተደግፎ ቆሞ ነበር። ከዲጃን አየ። ጸጉሯ ረጥቦ ግንባሯ ላይ ተለጥፏል፣ ጉንጯ ጎድሏል፣ አንሶላው ሥር አንዲት ፍሬ ልጅ ተኝታለች።

«አሥራ አምስት?» አለ። «ልጅ ናት እኮ ይቺ። ልጅ ናት።»

አባቴ «ነግሬህ ነበር» ሊል አፉን ከፈተና ተወው። ኦቦ ቶላ እስኪመሽ አግዳሚው ላይ ቆይቶ፣ «ይማራት» ብሎ ሄደ። በሦስተኛው ቀን ነገሩ ቀርቷል ብሎ ላከ። እኔ ሆስፒታሉ በር ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ። አላፊ አግዳሚው ለእህቴ የማለቅስ መስሎት ያባብለኝ ነበር። ያለቀስኩት ለነጩ ቀሚስ ነው፤ አፌን ባልከፍት ኖሮ ብዬ።

ከዲጃ በአራተኛው ቀን ዓይኗን ገልጣ ሰው ለየች። ሐኪሙ ልቧ እንደተጎዳ ነገራቸው፤ ምቱ ከእንግዲህ እየዘለለ እንደሚያስቸግራት፣ ከባድ ሥራ እንዳትሠራ፣ ቶሎም እንዳትወልድ። እናቴ ያንን ሰምታ ለእትዬ ትርፌ ሁለት ዓመት ሰላምታ ነፈገቻት። አባቴ ግን ብዙ ቀን ሲብሰለሰል ቆይቶ፣ «እንግዲያው ትማር» አለ። ተማረች። አስተማሪ ሆነች። በሃያ ሰባት ዓመቷ ራሷ የመረጠችውን ሰው አገባች፤ በክትትል አንዲት ሴት ልጅ ወለደች፣ የነኢማን እናት። ያ ቀን በቤታችን «የኮሶው ቀን» ተባለ እንጂ ሌላ ነገር አልተነገረበትም። እኔም አልጠየቅሁም።

እና ባለፈው፣ አዳማ፣ «የለም» ስትል ሰማኋት።

«አለ» አልኩ።

ሐኪሟ ቀና አለች። ከዲጃ በክርኗ ጎሰመችኝ። «የእኔ በሽታ አይደለም፣ የክኒን ጥፋት ነው። ልጅቷን ለምን ታስፈሪያታለሽ?»

«ትፍራ» አልኩ። ሐኪሟ እጇን ከኮምፒዩተሩ አንስታ ሙሉውን አስወራችን። ስለ ግማሹ፣ ስለ ሙሉው፣ ስለ ዘጠኙ ጠየቀች። «ለመሆኑ ባንዴ ዋጪ ያለሽ ማን ነው፣ እማማ?» ስትላት ከዲጃ «ኮሶ እንዲያ ነው የሚጠጣ» አለች። ሐኪሟ አልሳቀችም። «እንዲህ ያለው አይወረስም፤ ግን በመንገራችሁ ደስ ብሎኛል» ብላ፣ ለማንኛውም የነኢማ ልብ ምት ይታይ ብላ አዘዘች። መርፌውንም ከትንሹ መጠን፣ በየወሩ እየመጣች እንድትታይ ጻፈችላት። ነኢማ ያን ሁሉ ጊዜ አፏን ከፍታ አያቷን ታይ ነበር።

ውጤቱን ስንጠብቅ አግዳሚው ላይ ተቀመጥን። ከዲጃ ደክሟት እጄን ያዘች።

«አያቴ፣» አለች ነኢማ ቀስ ብላ፣ «ቆንጆ ሙሽራ ለመሆን ብለሽ ነው?»

«ለቬሎው ነዋ!» አልኩላት እኔ።

ከዲጃ ዞራ አየችኝ። «ምን አልሽ?»

«ለሰርጉ አልነበር እንዴ?»

«ዙቤ! እኔ እኮ የከሳሁት ልጅ መስዬ እንዲተዉኝ ነው። ደርሳለች ያስባለኝ ያ ሥጋ ነዋ። እሱ ከሄደ ዕድሜዬ ይታያል፣ ትምህርቴን እቀጥላለሁ ብዬ ነው።» ድምጿ ዝቅ አለ። «አንቺ የምታውቂ መስሎኝ ነበር።»

እጄን የያዘውን እጇን አየሁ።

«ታዲያ አምስት ሳምንት ሙሉ ምሳዬን ስትበዪልኝ? ለእማዬ በልታለች እያልሽ ስትዋሺልኝ? ሽማግሌዎቹ ፊት ያንን ሁሉ ስታፍረጠርጪ? እኔ እኮ በዚያ ቤት አንድ ከእኔ ጋር የቆመ ሰው አለ እያልኩ ነበር የምውጠው። እስከ ዛሬም ሳስበው ደስ ይለኛል።»

ሃምሳ ሦስት ዓመት ሙሉ እንዲህ አድርጋ ይዛኝ ኖራለች። አንድ «አዎ» ብቻ ብል እንደያዘችኝ ትኖራለች። ምላሴ ላይ ደርሶ ነበር። ግን አንዴ «በልታለች»፣ አንዴ «አዎ»፣ አንዴም «የለም» ብያለሁ፤ የእነሱን ዋጋ እሷ ደረት ላይ አውቀዋለሁ።

«ከዲ፣» አልኳት፣ «እኔ ምንም የማውቀው አልነበረም። ጩኮው ስለሚጣፍጥ ነው የበላሁት።»

ፊቷን ወደ መተላለፊያው አዞረች። እጄን ግን አልለቀቀችም።